የእናቴ ስም ይነበብ

ሰው ስለ ፍርድ ቤት ሲያማርር ስለ ቀጠሮ ብዛት ወይም ስለ ጉቦ ነው የሚያወራው። እኔን ግን ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም የሚያበግነኝ አንድ ጸሐፊ ነው። ድምፁ ያምራል፤ ድምፁ እንደሚያምርም ያውቃል። ያ ድምፅ በአንድ የክረምት ቅዳሜ እናቴን ያደረጋትን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤት የምጠብቅ፣ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ጎልማሶችን ሀ ሁ የማስቆጥር፣ ሳይንስ የማይፈታው ነገር የለም ብዬ የማምን ልጃገረድ ነበርኩ። የምንኖረው ቀራንዮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው ጭቃ መንገድ ዳር፣ እማማ ብርቄ ግቢ ውስጥ ነው። እማማ ብርቄ እናቴን በሕፃንነቷ ከመንዝ አምጥተው ያሳደጓት ሴት ናቸው። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። እናቴ ግን ከሳቸው ሌላ እናት አታውቅም፤ አግብታም፣ አባቴ ሞቶባትም ከዚያ ግቢ አልወጣችም። ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ የእማማ ብርቄ የወንድም ልጅ ጋሽ ደምሴ ከነልጆቻቸው ይኖሩ ነበር። ጋሽ ደምሴ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ቀጥቃጭ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲደበድቡ ስለሚውሉ ቤታቸውም ገብተው የሚያወሩት እየጮሁ ነው። ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እኛ ቤት ይሰማል።

እማማ ብርቄ ሲታመሙ ቤቱን ለእናቴ ተናዘዙ። ኑዛዜውን የጻፉት የንስሐ አባታቸው ነበሩ። ደግ ቄስ ናቸው፤ ጽሕፈታቸው ያምራል፣ ምስክሮች አስቀምጠዋል፣ አስፈርመዋል፣ ሁሉንም በወጉ አድርገዋል። አንድ ነገር ብቻ! የእናቴን ስም ሲጽፉ «እታገኝ» በማለት ፈንታ የክርስትና ስሟን ጻፉ። እሳቸው ሰውን የሚያውቁት በዚያ ስም ነው። በቁርባኑም፣ በንስሐውም፣ በፍትሐቱም የሚጠሩት በዚያ ነው። ወረቀቱ ቀበሌ ሳይሆን ሰማይ ቤት የሚቀርብ መሰላቸው መሰለኝ። ይህን ጉድ ጽፈው ብዙም ሳይቆዩ እማማ ብርቄን ተከትለው ሄዱ።

ምስክሮቹ ሲጠየቁ ደግሞ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ስሙ ሲነበብ ሰምተናል። የማን እንደሆነ ግን አናውቅም፤ የሰው የክርስትና ስም አይጠየቅም።» በጨዋነታቸው ሊገድሉን ነበር!

ጋሽ ደምሴ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሄደው ከሰሱ። «ኑዛዜው ላይ ያለችው ሴት እታገኝ ናት ያለው ማነው? የሥጋ ወራሽ እኔ ነኝ» አሉ። ሸንጎውም መከረና አንድ ዘዴ አመጣ። ኑዛዜውን እስካሁን ከፍቶ ያየው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው፤ ለማንም ሳይነበብ እሱው ዘንድ ይቆያል፤ እናቴ ቀርባ የክርስትና ስሟን ራሷ ትናገራለች። ከተጻፈው ጋር ከገጠመ ቤቱ የሷ ነው፤ ካልገጠመ የጋሽ ደምሴ። በአንድ ቃል የሚያልቅ ክርክር! እኔ ይህን ስሰማ ከደስታዬ ብዛት ጎረቤት ሄጄ አወራሁ።

እናቴ ግን እንጀራ እንኳ አልበላ አላት። የዛሬ ልጆች የክርስትና ስማችሁን በየስልካችሁ ትለጥፋላችሁ፤ ያኔ እንዲያ አልነበረም። ጠላት ስምህን ካገኘ ደብተራ ዘንድ ወስዶ ያስደግምብሃል ተብሎ ይፈራል። ስሙን የሚያውቁት ያጠመቀው ቄስ፣ የንስሐ አባትና የክርስትና እናት ናቸው። እናቴ ለኔ ለልጇ እንኳ ነግራኝ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ቀረብን። የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሦስቱ ጺማሞች፣ እነዚያ የሶሻሊዝም አባቶች፣ ተሰቅለዋል። ዶፍ ይወርዳል። በዚያ ላይ ኅብረት ሱቅ ዘይት መጣ ተብሎ ሰው በጠዋቱ ተሰልፎ ስለነበረ፣ ዝናቡን ሸሽቶ ጀሪካኑን እንደያዘ አዳራሹ ውስጥ ግጥም ብሏል። ከኛ ክርክር ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ግን ከተቀመጠ ላይቀር ማዳመጡ አይቀርም።

«ሙሉ ስም?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እታገኝ ተሰማ።»

«የክርስትና ስም?»

እናቴ ዞራ አዳራሹን አየች።

«ወይዘሮ እታገኝ፣ የክርስትና ስም የለዎትም?»

«አለኝ።»

«ማን ነው?»

«እሱን እንኳ አልናገርም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው መታ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ደንብ የሚወድ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ሰው ይብሳል።

«ለምንድን ነው የማይናገሩት?»

«ሰው አለ» አለች፣ በዓይኗ ጋሽ ደምሴን እያሳየች።

«ስሚኝ እንግዲህ!» ብለው ጋሽ ደምሴ ተነሱ። ድምፃቸው ዝናቡን አሸነፈው። «እኔ ደብተራ ነኝ? እኔ ላሜራ ቀጥቃጭ ነኝ!»

«ይቀመጡ!» አለ ሊቀመንበሩ። ወደ እናቴ ዞረ። «ድግምት የሚባል ነገር በሳይንስ የለም። ያለፈው ሥርዓት ጥሎብን የሄደው ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው። ስም ስም ነው፤ ቢነገር ማንንም አይጎዳም።»

እኔ ከኋላ ሆኜ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲያው የርሶ ማን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ምን?»

«የክርስትና ስሞ።»

ዘይት ጠባቂው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሁላችንም መልሱን ጠበቅን። እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ ይናገራል ብዬ ጓጉቼ ነበር።

«የኔ... የኔ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም!»

«ማንንም ካልጎዳ ምን ችግር አለው፤ ይንገሩና እኔም ልደፋፈር።»

«እዚህ የተከሰስሽው አንቺ ነሽ!» ንዴቱ «እርስዎ»ውን አስረሳው። «ከምሳ በኋላ ትመለሻለሽ። ያኔም እምቢ ካልሽ ቤቱን ለከሳሽ እወስናለሁ። አለቀ!»

ወደ ቤት ስንመለስ ጃንጥላ አልነበረንም። እኔ በንዴት እየቀደምኩ፣ እሷ ጭቃውን እየመረጠች ነበር።

«አንዲት ቃል እኮ ናት፣ እማዬ! ትንሹን ወንድሜን ይዘን የት ልንገባ ነው? የቀበሌ ቤት እንደሁ አይገኝ!»

«ኪራይ እንገባለን።»

«በምን ብር? እኔ እንደሁ ሥራ የለኝም!»

ቆመች። ዝናቡ በፊቷ ላይ ይወርዳል። «የኔን ወንድም አታውቂውም አንቺ» አለች። «ሙሉ ሰው ነበር። በመሬት ከተጣላው ሰው ጋር ሽማግሌ ፊት ሲማማል የክርስትና ስሙን ጠራ። ለእውነት ብሎ ነው የጠራው። ዓመት ሳይሞላው ልብሱን ጥሎ በየጫካው መዞር ጀመረ። እናቴም በሱ ኀዘን ሄደች፣ እኔም ለዚህ ነው ለእማማ የተሰጠሁት። አሁን በሳይንስ ይሄ ምንድን ነው ትያለሽ?»

የምለው ነበረኝ። የአእምሮ ሕመም ነው፣ ከስም ጋር አይገናኝም፣ ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ግን ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነግረኝ ነው፤ መከራከሩን ተውኩት። እሷን አምኜ አይደለም። ማስረዳት ሌላ፣ ማስገደድ ሌላ መሆኑ ያን ጊዜ ስለገባኝ ነው።

ምሳ ሳልቀምስ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩን ቢሮው ውስጥ አገኘሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ የሚፈልጉት ስሙ መግጠሙን ነው፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ስሙን ማወቁን አይደለም። ሰው ይውጣና ለእርስዎ ብቻ ትንገርዎ።»

አሰበ። «ዝግ ችሎት ማለትሽ ነው» አለ። ቃሉን ወደደው መሰለኝ። «ይቻላል። ዝግ ችሎት።»

ከምሳ በኋላ ዘበኛው ዘይት ጠባቂውን ሁሉ ከአዳራሹ አስወጣ። ዶፉ ውስጥ! አሮጊቶች ጀሪካናቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው እየተራገሙ ወጡ። በሩ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ፣ አብረውት የሚዳኙት ሁለት ሰዎች፣ ጸሐፊው፣ እኔና እናቴ ቀረን። ጋሽ ደምሴም አልወጡም።

«እሳቸውስ?» አልኩ።

«እሳቸው ተከራካሪ ወገን ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ። «ተከራካሪ ወገን በሌለበት ማስረጃ አይሰማም። ደንብ ነው።»

አንባቢዬ፣ ልብ በሉልኝ። እናቴን ምንም የማያደርጓት ሰዎች ሁሉ ዝናብ ይመታቸዋል፤ የምትፈራው አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ይህ ነበር ዝግ ችሎቱ። ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ።

እናቴ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። ለቤቱ አበቃለት ስል ጋሽ ደምሴ ተነሱ።

«እሺ፣ እሺ! አልወጣም፤ መውጣት መብቴን መተው ነው። ግን ፊቴን አዞራለሁ። በጆሮው ሹክ በዪው» ብለው ሄደው ከጺማሞቹ ሥር ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ። ሁለት ጣታቸውን ሁለት ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። ያንን የሚያህል ሰውዬ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመው ሳይ ሳቄም ዕንባዬም መጣ።

እናቴ ጣቶቻቸው በደንብ መግባታቸውን አየች። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች፤ አፏን በነጠላዋ ከልላ ጎንበስ አለች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገልጦ አየ።

«ገጥሟል» አለ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። እናቴ ፈገግ ስትል ከእማማ ብርቄ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን ከጆሯቸው አወጡና «ምን ተባለ?» ብለው ጮሁ። ጸሐፊው በትጋት ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ማየት ነበረብን፤ ግን ደስታ ላይ ያለ ሰው ማን ይጽፋል ማን አይጽፍም አይልም።

ውሳኔ የሚነገረው በግልጽ ነው ተባለና በሩ ተከፈተ። ዘይት ጠባቂው ርሶ ተመልሶ ገባ። ሊቀመንበሩ ቤቱ የወይዘሮ እታገኝ መሆኑን ተናገረ፤ ተጨበጨበ። ጸሐፊው ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቃለ ጉባኤው በተሰብሳቢው ፊት ይነበባል!»

አነበበ። ቀኑን፣ የተገኙትን ሰዎች፣ የከሳሽን አቤቱታ፣ ሁሉንም በዚያ በሚያምር ድምፁ እያስረዘመ አነበበ። «...ተከሳሽ የክርስትና ስሟ ሚስጥር እንዲሆንላት ስለጠየቀች፣ ሸንጎውም ጥያቄውን በመቀበል ችሎቱን ዘግቶ፣ ተከሳሽ በሊቀመንበሩ ጆሮ ሹክ በማለት ስሟ ወለተ...»

ጨረሰው። ስሙን እስከ መጨረሻው አነበበው! እኔም የእናቴን የክርስትና ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከሱ አፍ ነው። ደግሞ አላቆመም እኮ፤ «...መሆኑን ስለገለጸችና ሚስጥሩም ስለተጠበቀላት» ብሎ ቀጠለ። ሊቀመንበሩ እጁን ሲያነሣ ዘገየ። ማንም ምንም አላሰበም። ያ ሁሉ ሰው በዝናብ የተደበደበው፣ ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን የደፈኑት፣ እናቴ ጎንበስ ያለችው፣ ሁሉም ለዚህ ነው። ሚስጥሩ ተጠብቆ በሙሉ ድምፅ ተነበበ።

እናቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ከኋላ አንዲት ጀሪካን የያዙ አሮጊት «ኧረ ምን አለ ጸሐፊው? እኔ አንድም አልሰማሁ» አሉ።

«የምን መስማት» አለ አጠገባቸው ያለ ሰው። «በዚህ ቆርቆሮ፣ በዚህ ዝናብ!»

«ዝናቡ ነው እባካችሁ፣ ጆሮ ያደነቁራል» አለች ሌላዋ።

ዝናቡ ካባራ ቆይቶ ነበር። ሁሉም ያውቃሉ። አንድ ባንድ እየተነሡ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቤቱን ሰጡሽ መሰለኝ፣ እኛማ አልሰማነም» እያሉ እጇን ጨብጠው ወጡ። አልሰማሁም ሳይሉ የወጡት ጋሽ ደምሴ ብቻ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው በጎናችን አለፉ፤ እናቴም ይህን አየች።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ስነሣ ዕቃ ተሸክፏል። ብርድ ልብሱ ታስሯል፣ ድስቶቹ ማዳበሪያ ውስጥ ገብተዋል።

«እማዬ፣ አሸንፈሻል እኮ!»

«ምኑን?» አለች። «ስሜን ከያዘ ሰው ጋር አንድ ግቢ አላድርም። ቤቱ ይቅርብኝ፣ ይውሰደው።»

ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ ጮህኩ። ማዳበሪያውን ስፈታ ታስራለች፤ እሷ ስታስር እፈታለሁ። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ዕቃውን አዩ፣ እናቴን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ወጣ በዪ» አሉኝ።

ወጣሁ፤ ግን በሩን ገርበብ አድርጌ ከደጃፉ አልራቅሁም። ጋሽ ደምሴ ወደ እናቴ ጆሮ ጎንበስ አሉ። ጎረቤት ሆነን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ያ ሰው በለሆሳስ ሲናገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምንም አልሰማሁም። የእናቴ እጅ አንገቷ ላይ ወዳለው ማተብ ሲሄድ አየሁ።

«ጋሽ ደምሴ! ምን አደረጉ?» አለች።

«ሰጠሁሽ» አሉ፣ ወደ ጩኸታቸው ተመልሰው። «ያንቺን እኔ አላለቀስኩም ስጡኝ ብዬ፤ ያ ቀባጣሪ አነበበው። ቤቱን ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽሽም። ስምሽን ግን አልፈለግኩትም። አሁን አንቺም የኔን ይዘሻል። ክፉ ባስብብሽ፣ አስቢብኝ!»

እናቴ ማዳበሪያውን ፈታችና ድስቶቹን ወደ ቦታቸው መለሰች። «ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው ቀሩ» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ ብዬ አልዋሻችሁም። በልብስ ገመድ፣ በውኃ ቧንቧ፣ በቦይ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። ግን ዕቃ የሸከፈም፣ ቀበሌ የሄደም የለም።

እኔ ውጤቴ መጥቶ ተማርኩ፤ ኑሮዬን የኖርኩትም ፍርድ ቤት ውስጥ ነው፣ በሬጅስትራርነት። ያ ቅዳሜ ባይኖር ወደዚያ ሥራ የምሄድ ሰው አልነበርኩም። ስንቱን አየሁ መሰላችሁ! የሕመሟን ዓይነት፣ የማን ልጅ እንደወለደች፣ ለምን እንደተፋታች ሰው ፊት እንድትናገር የተጠየቀች ሴት ባየሁ ቁጥር ያ ጸሐፊ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማኛል። እንድትናገር ማስገደድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ያለ ማስረጃ ፍርድ የለም፣ አልክድም። ግን ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። እናንተም አንድ ቀን «ለዳኛው ብቻ ነው፣ አይዞሽ» ብትባሉ «ማን ይጽፈዋል? የት ይነበባል?» ብላችሁ ጠይቁ። አስቸጋሪ ይሏችኋል። ይበሉ።

ጋሽ ደምሴ የሞቱት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቤተ ክርስቲያን አስከሬኑ ፊት ቆመን፣ ፍትሐት ሊደረግ ሲል ወጣቱ ቄስ ወደ ልጆቻቸው ዞሮ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አለ። ልጆቹ ተያዩ። ትልቁ «አባባ ነግሮን አያውቅም» አለ። የንስሐ አባታቸው ወደ ጎጃም ከተመለሱ ቆይተዋል፤ ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች። ቄሱ መጽሐፉን እንደያዘ ቆመ። «ታዲያ በማን ስም ልጸልይላቸው?»

ሴቶቹ መሃል እናቴ ተነሣች። ሕዝቡን እየከፈለች ሄደች፤ አፏን በነጠላዋ ከልላ ወደ ቄሱ ጆሮ ጎንበስ አለች። ቄሱ ራሱን ነቀነቀና ጸሎቱን ጀመረ። ስማቸውን ጮክ ብሎ ጠራው። ከቄሱ አፍ እስኪወጣ ድረስ እናቴ ለማንም አልተነፈሰችውም ነበር፤ ለኔም ጭምር። ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልጽፈውም።

ከቀብር ስንመለስ ትልቁ ልጃቸው እናቴን ደረሰባት። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«እትዬ እታገኝ» አላት፣ «እኛ ልጆቹ ያላወቅነውን እርሶ እንዴት አወቁት?»

«ተካሰን ነበር» አለችው።